የጋዲሴ ተራ

«ምላሷን ቤቷ ጥላ የምትመጣ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ምን ትሠራለች? ወንበር ታሞቃለች እንጂ» አለ አንድ ድምፅ ከመምህራን ማረፊያው መስኮት ወዲያ። ሌሎች ሁለት ድምፆች ሳቁ፤ የሻይ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ጋር ተጋጨ። ጉተማ በዚያች ሰዓት ከመስኮቱ ወዲህ ቆሞ የጋሪ ፈረሱን ከትምህርት ቤቱ አጥር ብረት ጋር ሲያስር ነበርና ጣቱ ቋጠሮው ላይ ቀረ። ስም የጠራ የለም። ግን ሰው የገዛ ልጁ ስትታማ ስም አያስፈልገውም፤ ጀርባው ይነግረዋል። ቋጠሮውን ፈታው፣ መልሶ አሰረው፣ የፈረሱን አንገት መታ መታ አደረገና ኮፍያውን አውልቆ ምንም እንዳልሰማ ሰው በበሩ ገባ። ዘበኛው «ወዴት ነው አባት?» ሲለው፣ «ተጠርቼ ነው» አለ። 

ጠዋት ከቤት ሲወጣ ሚስቱ ጠጄ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የሚሉህን እሺ ብለህ ና። ከትልቅ ሰው ጋር አትጣላ።» እሱም አልመለሰላትም። የሚኖሩባት ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ ከአንድ የስልጤ ነጋዴ ሱቅ ጀርባ የተቀጠለች፣ ቆርቆሮዋ ዝቅ ያለ፣ አልጋውና ማብሰያው በመጋረጃ የተለያዩባት። ኪራይዋ በየመስከረሙ ይጨምራል፤ የፈረሱ ፉርሽካ ደግሞ መስከረምንም አይጠብቅም፣ እንዳሻው ይወደዳል። ጋዲሴ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታስር እናቷ ያለችውን ሁሉ ሰምታለች፤ ግን እሷም ቀና አላለችም። ሦስት ሰው በአንዲት ክፍል ውስጥ ዝም ሲል ዝምታው ራሱ እንደ አራተኛ ሰው ቦታ ይይዛል። ቤት ውስጥ ጋዲሴ እንዲህ አይደለችም እኮ። ማታ ማታ አባቷ እግር ሥር ተቀምጣ በኦሮምኛ ስትጠይቅ፣ ስትከራከር፣ «አይ፣ ትናንት እንዲህ አላልክም» እያለች ወሬውን ስታሳርመው፣ የጎረቤት ሴትዮ ግድግዳውን እስክትደበድብ ድረስ ነው። የትምህርት ቤቱን አጥር ስታልፍ ግን ቃሏን ሁሉ ወደ ውስጥ ትሰበስባለች።

ምክትል ዳይሬክተሩ አቶ ዘካሪያስ ክፉ ሰው አይደሉም። ዓይናቸው እንቅልፍ ያጣ፣ የሸሚዛቸው እጅጌ በጠመኔ የነጣ፣ በየክፍሉ ወንበር ከሚበቃው በላይ ልጅ የሚያጭቁ ሰው ናቸው። ለጉተማ ወንበር ሳቡለት፤ ስለ ፈረሱም ጠየቁት። ከዚያ ነገሩን አመጡት። ልጅቷ ጽሑፏ ደህና ነው፣ ሒሳቧም አይከፋም። ነገር ግን ዓመቱ ተጋምሶ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣም። የአማርኛ የንግግር ውጤቷ ባዶ ነው። ባዶ ውጤት ይዛ ደግሞ ወደ አራተኛ ማለፍ አይቻልም። «ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ አንደኛ ክፍል ብትቀመጥ ብለን ነው፣ አቶ ጉተማ። ከሕፃናቱ ጋር ቋንቋውን ትለምዳለች። ለእሷው ነው። እርስዎ ከተስማሙ ዛሬውኑ እንጨርሰዋለን።»

ጉተማ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዞረው። አማርኛ ይችላል፤ ስሚንቶ ከሚያስጭኑት ጋር ይከራከርበታል፣ ትራፊክ ፖሊስ ይለማመጥበታል። ቢሮ ሲገባ ግን ቃሉ ይከብደዋል፤ እንደ እርጥብ ጆንያ ነው። ልጁን በዓይነ ኅሊናው አያት፤ ያቺ ረጅም ጋዲሴ፣ ጉልበቷ ከዴስኩ በላይ ወጥቶ፣ የወተት ጥርሳቸው ካልረገፈ ልጆች መሐል። የወንድሙ ልጅ ዳሲቱም እንዲሁ «ለአንቺው ነው» ተብላ ወደ ታች ክፍል ተወሰደች። ዓመት ሳይሞላ «አፍራለሁ» ብላ ቀረች፤ አሁን ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ለጠያቂዎች ብርቱካን ትሸጣለች። ብርቱካን መሸጥ ነውር የለውም። ግን ዳሲቱ የሚያልፍ ተማሪ ባየች ቁጥር ፊቷን ወደ ቅርጫቷ ትደፋለች፤ ያንን ጉተማ በዓይኑ አይቷል። ጠጄ «እሺ ብለህ ና» ብላዋለች። «እሺ» የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

በሩ ተንኳኩቶ አንዲት ሴት ገባች። ቀጭን፣ ጠይም፣ ነጭ ጋዋኗ ኪስ ላይ የቀለም ነጠብጣብ ያለባት፤ የሦስተኛ ክፍል የአማርኛ አስተማሪ አማረች ናት። «አቶ ዘካሪያስ፣ አንድ ነገር ልለምን» አለች። «ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የተረት ነው። አባቷ ገብተው ይቀመጡና ይዩ። ከዚያ የሚወስኑትን ይወስኑ።»

«አማረች፣ ስንት ጊዜ ሞከርሽ?»

«ዛሬ አልሞከርኩም።»

አቶ ዘካሪያስ ፈገግ እንደማለት አሉ። «እስከ ደወል ነው። ከደወል በኋላ መጥቼ መልሳቸውን እቀበላለሁ።»

በኮሪደሩ ሲሄዱ ጉተማ ከኋላዋ ሆኖ፣ «አስተማሪ፣ ልጄ እኔን ስታይ ይብስባታል እንጂ አትናገርም» አላት። አማረች ቆም ብላ ጠበቀችው። «እንድትናገር አይደለም የማስገባዎት። እንዴት እንደምትሰማ እንዲያዩልኝ ነው። እኔ አስተማሪ ከሆንኩ ጀምሮ እንደ ጋዲሴ የሚሰማ ልጅ አላየሁም። ሰምቶ የሞላ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ይፈሳል፤ ቀኑን ነው የማላውቀው።»

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ላይ ልጆቹ የሣሉት ጅብና ቀበሮ ተለጥፏል። ከውጭ የዱቄት ፋብሪካው ኡኡታና የከባድ መኪና ጥሩምባ ይገባል። ልጆቹ ብድግ ብለው «ደህና አደሩ» አሉት፤ ጉተማ ደንግጦ እሱም ቆሞ ቀረ፤ ከኋላ አንዱ ዴስክ ላይ ጉልበቱን አጥፎ እስኪቀመጥ ድረስ ሳቁበት። ጋዲሴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። አንዴ ዞራ አየችው፤ ጆሮዋ ቀላ፤ ተመለሰች።

አማረች ከዚያ ያደረገችውን ጉተማ መጀመሪያ አልገባውም ነበር። የራሷን ወንበር አንስታ መሐል አኖረችው፣ እሷ ግን ሄዳ ከልጆቹ ጋር ዴስክ ላይ ተጣበበች። ወንበሩ የተራኪው ነው። እዚያ የተቀመጠ ልጅ ሲናገር ማንም አያርመውም፤ አስተማሪዋም ጭምር። ቃል ከጠፋበት ማንም አያቀብለውም፤ ይጠብቁታል። ካቃተው በእጁ ያሳያል፣ ወይም ቤቱ በሚናገርበት ቋንቋ ይለዋል፤ ያኔ ክፍሉ ተባብሮ አማርኛውን ይፈልጋል። አንድ ልጅ ስለ ጅብ ሲያወራ «ጅቡ መጣች፣ በላ» አለ። አማረች ቅንድቧን እንኳ አላነቃነቀችም። ሲጨርስ ግን፣ «አይ ጉድ፣ ጅቡ መጥቶ በላ ነው የምትለኝ?» ብላ በመደነቅ መልሳ ነገረችው፤ ልጁም «አዎ፣ መጥቶ በላ» አለና ደረቱን ነፍቶ ሄደ። ጉተማ ይህን ሲያይ የድሮ የእርሻ ሥራው ትዝ አለው። ግልገል በሬ ከቀንበር ጋር የሚለማመደው እንዲህ ነው፤ ትልልቁ በሬ አጠገቡ ሲሄድ እያየ፣ ጅራፍ ሳይነካው። ይቺ ሴት አርሳ ታውቃለች እንዴ? ብሎ ተገረመ። በክፍሉ ውስጥ ያን ያህል ልጅ አለ፤ ጅራፍ ግን የለም፤ ዱላም የለም። ያለችው ተራኪውን የመጠበቅ ትዕግሥት ብቻ ናት።

ከዚያ እንቆቅልሽ መጣ። ተራው የቢራ ነው፤ ጥርሱ መሐል ክፍተት ያለው፣ አርፎ መቀመጥ የማይችል ልጅ። ናፍቆት የምትባለውን ልጅ ጠራት። ናፍቆት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ በየቀኑ በታክሲ ነው የምትመጣው፤ ጸጉሯ ተጎንጉኖ ጫፉ ላይ ዶቃ አለበት።

«እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልህ።»

«ሺህ ዓይን አለው፣ አንድም አያይ።»

«ወንፊት።»

«አይደለም።»

«መረብ?»

«አልሆነም። አገር ስጪኝ።»

እንግዲህ ደንቡ ነው፤ መልሱን ያጣ አገር ይሰጣል፣ ጠያቂው ደግሞ በተሰጠው አገር ገብቶ ይፎክርበታል። ናፍቆት ትከሻዋን ነቅንቃ፣ «ኮዬ ፈጬን ሰጥቼሃለሁ» አለች። ቢራ እጁን ወገቡ ላይ ጫነ። «ኮዬ ፈጬ ገብቼ፣ ምን አጥቼ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አንቺን ውሃ በጀሪካን እያስወጣሁ፣ ሲደክምሽ ደግሞ ነይ ውረጂ፣ ፓስታ ረስተሻል እያልኩ» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ናፍቆትም ራሷ ሳቀች። «መልሱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ያ ሁሉ መስኮት ዓይን አይደለም እንዴ? አገርሽን ስትሰጪ እንኳ አላወቅሽም» ብሎ ጨመረባት።

ሳቁ ሳይበርድ ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ድምፅ ወጣ። ቀጭን ነው፤ ግን ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

«አይሰጥም።»

ልጆቹ ማን እንደሆነ ለማየት ዞሩ። ጋዲሴ ቆማለች። እጇ ዴስኩን ጨብጧል። «ኮዬ አይሰጥም። የአባቴ እርሻ አለ እዚያ።» ቢራ አፉን ከፍቶ ቀረ። አንዲት ልጅ «ትናገራለች እንዴ» ብላ አንሾካሾከች፤ አጠገቧ ያለችው በክርኗ ጎሰመቻት። ጉተማ ደሙ ወደ ፊቱ ሲወጣ ተሰማው። ልነሣ፣ ላስቀምጣት፣ ይቅርታ ልበል እያለ ከዴስኩ ጋር ታገለ። ያን ጊዜ አማረችን አያት። አማረች አልተነሣችም፣ «ጎበዝ» አላለችም፣ አላጨበጨበችም። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፣ አንድ ሰው ወሬ ሲጀምር ቀጣዩን እንደሚጠብቅ ጎረቤት ሆና፣ «እርሻው ላይ ምን ነበር?» አለቻት። አለቀ። ከዚያ ዝም አለች። ያቺን ዝምታ ጉተማ ዕድሜ ልኩን አይረሳትም። የፋብሪካው ድምፅ ሳይቀር የቆመ መሰለው፤ ያ ሁሉ ልጅ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ ማንም ቃል አያቀብልም።

«በሬ ነበር» አለች ጋዲሴ። «ቦራ ይባላል።»

ጉተማ ኮፍያውን ጨበጠው። ይህ ማታ ማታ የሚነግራት ነው። በኦሮምኛ ነው የነገራት፤ አንዲት የአማርኛ ቃል ገብታበት አታውቅም። ልጅቷ መቼ ብቻዋን ቁጭ ብላ እንዳዛወረችው፣ ስንት ጊዜ በልቧ ተናግራ እንዳረመችው እግዜር ይወቅ። እርሻው ለኮንዶሚኒየም ሲወሰድ ቦራ ተሸጠ፣ አለች። የገዛው ሰው በዱከም በኩል ወሰደው። ቦራ ግን ከዓመታት በኋላ አመለጠ። አስፋልት ተሻገረ፣ መኪና ጮኸበት፣ አልሰማም። እርሻው ጋ መጣ። እርሻው የለም። «እዚያ... እዚያ የሚዞሩበት...» አለችና ቆመች። ቃሉ ጠፋባት። በእጇ ክብ ሠራች፤ በእግሯ ዙሪያውን ረገጠች፤ ከላይ ጭድ በተነች። «ሜዳ?» አሉ፤ «አደባባይ?» አሉ ልጆቹ። ራሷን ነቀነቀች። የከተማ ልጅ ከየት ያምጣው? ጉተማ ቃሉን ያውቀዋል፤ ጉሮሮው ላይ ደርሷል፤ ፍለጋው ግን የልጆቹ ነው፣ ከንፈሩን ነከሰ። በመጨረሻ ጋዲሴ በኦሮምኛ አለችው። ቢራ፣ «እኔ አውቃለሁ፣ አያቴ ጋ አለ፣ አውድማ ነው» አለ። ክፍሉ በሙሉ «አውድማ» ብሎ ተቀበለ፤ ቃሉን የማያውቁት ሁሉ ከንፈራቸው ላይ አጣጣሙት። «አውድማ» አለች ጋዲሴም፤ ድምጿ ከፍ አለ። «አውድማው የነበረበት ቦታ ላይ ደረጃ ቆሟል። ቦራ ደረጃው ሥር ተኛ። ጥበቃው በዱላ መታው፣ አልተነሣም። አደረ። ምንም አልበላም። ሐዘን ላይ ነበር።»

«በልቷል» አለች ናፍቆት።

ጋዲሴ ዞረች።

«የእኛ ብሎክ ነው እኮ» አለች ናፍቆት፤ ደንቡን ረስታ ቆማለች። «ትንሽ ሆኜ አይቼዋለሁ። ቀይ ነው አይደል? አንዱ ቀንዱ ወደ ታች ነው። እናቴ ከበረንዳ ጎመን ወረወረችለት። በልቷል።»

«ቀንዱ ወደ ታች ነው» አለች ጋዲሴ ቀስ ብላ። «ጎመኑን በላ?»

«ሁሉንም። ደግሞ ቀና ብሎ እንደገና አየን።»

ጋዲሴ ወደ ኋላ፣ ወደ አባቷ አየች። ጉተማ አንገቱን ደፋ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ከልቡ ያልወጣው ያ ነገር ነው፤ በሬው ጦሙን አድሮ ነው ጠዋት ያገኘው፣ ጦሙን ነው በገመድ ስቦ ለገዢው የመለሰው ብሎ ነው የሚያስበው። ማታ ማታ የሚተርከውም ለልጁ ብቻ አልነበረም።

ደወሉ ተደወለ። ማንም አልተነሣም። በሩ ተከፈተና አቶ ዘካሪያስ ገቡ። «እሺ አቶ ጉተማ፣ ተስማ...» ብለው ሳይጨርሱ ቢራ፣ «ቲቸር፣ ጋዲሴ ገና አልጨረሰችም» አላቸው። አቶ ዘካሪያስ ቆመው ቀሩ። አማረች ዴስኩ ላይ ጠጋ አለችና አጠገቧ ቦታ ለቀቀች። እሳቸውም እንዳልገባው ሰው ዙሪያውን አዩ፣ ጋዲሴን አዩ፤ ከዚያ ሄደው ተቀመጡ፤ ዴስኩ ከክብደታቸው በታች ጮኸ። ጋዲሴ አሁን በራሷ እግር ወደ መሐሉ ወንበር ሄዳ ተቀምጣለች። «ጠዋት የሰው ሁሉ በር ተከፈተ» ብላ ቀጠለች። ሥራ የሚሄዱት ሰዎች ቦራን እየዘለሉት ወረዱ። አንዲት ሴት ጫማዋ እንዳይቆሽሽ ጮኸች። አንድ ሽማግሌ ግን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው። አባቷ መጣ፤ ቦራ ሽታውን አውቆ ተነሣ። ሁለቱ ቀስ እያሉ ሄዱ፤ እስከ ዱከም መንገድ ድረስ አንዱም ወደ ኋላ አልዞረም። «በሬው ለምን ወደ ኋላ አልዞረም?» ብላ ጠየቀቻቸው ልጆቹን፣ እንደ ተረት አዋቂ ሴትዮ። አንዱ «ተቆጥቶ» አለ፤ አንዱ «ገመዱ ስለያዘው» አለ። «አይደለም» አለች። «አባቴ ስላለቀሰ። ቦራ እንዳያየው ነው።»

ጉተማ ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም። ልጁ ከየት እንዳገኘችው አላወቀም፤ ግን እውነት ነው።

ውጭ ኮሪደሩ ላይ አቶ ዘካሪያስ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «ያቺው ጋዲሴ ናት?» አሉ አማረችን። «ያቺው ናት» አለች። «ውጤቷን ዛሬ ጻፊልኝ» አሉና ለጉተማ እጃቸውን ዘረጉ። «እዚያው ትቀመጥ፣ አቶ ጉተማ። አደከምንዎት።» ጉተማ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። አማረችን ሊያመሰግን ፈልጎ ቃል ፈለገ፤ እሷም ቆማ ጠበቀችው፣ ልክ እንደ ልጆቹ። «አስተማሪ» አለ ኋላ ላይ፣ «እኔ በሬ አሠልጥኛለሁ። አንቺ ግን ከኔ ትበልጫለሽ።» አማረች ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። «እንዲህ ያለ ምስጋና ከሚኒስቴርም አላገኝም» አለች፤ ወደ ቀጣዩ ክፍልም ሮጠች፤ እዚያ ሌላ ያን ያህል ልጅ ይጠብቃታል።

እኩለ ቀን ላይ ፈረቃው ሲለቀቅ ጋሪው በር ላይ ነበር። ጋዲሴ ደብተሯን አቅፋ ከአባቷ አጠገብ ወጣች። ናፍቆት ከታክሲ ሰልፍ ላይ እጇን አወዛወዘችላት፤ ጋዲሴም መለሰችላት። የስሚንቶ መኪኖቹን አሳልፈው፣ የፈረሱ ኮቴ አስፋልቱን እየመታ፣ ብዙ መንገድ ዝም ብለው ሄዱ። ዝምታው ግን የጠዋቱ አልነበረም። ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ጉተማ ልጓሙን ላላ አድርጎ፣ ፊቱን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ በአማርኛ ጠየቃት።

«ውሃስ? ለቦራ ውሃ ሰጥተውት ነበር?»

ጋዲሴ ትንሽ አሰበች። «እሱን አልጠየቅኳትም» አለች። «ነገ እጠይቅልሃለሁ።»